የጥያ ስንቅ

እትዬ ሰፍያ የሚፈሩት ነገር አያልቅባቸውም። ቡታጅራ ላይ ሲዘንብ ጎርፍ ይፈራሉ፤ ሲያባራ ደግሞ ድርቅ። የልጅ ልጃቸው ነዒማ የግቢውን ሁለት የፊት ክፍሎች ቀለም ቀብታ፣ አልጋ አስገብታ፣ በስልክ ለሚይዙ መንገደኞች ለአንድ ለሁለት ሌሊት ማከራየት ስትጀምር ግን ፍርሃታቸው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰበሰበ።

«የማናውቀውን ሰው? ሌባ ቢሆንስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ!» እያሉ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መስኮት ላይ ተለጥፈው ነው የከረሙት።

ሌባ አልመጣም። የመጡት መንገድ ያደከማቸው ሰዎች ነበሩ፤ የነዒማ ብልሃት የታየውም እዚህ ላይ ነው። አልጋ ማንም ያከራያል። እሷ ግን ሰው መኝታ ብቻ እንደማይበቃው ቶሎ ገባት። እንግዳው ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ትደውልለታለች። «መናኸሪያ ባጃጅ ልላክልዎ? የሚታጠብ ልብስ ይኖራል? የጥያን ትክል ድንጋይ ማየት ይፈልጋሉ? ለእራት ክትፎ እናዘጋጃለን፤ የክርስቲያን ይሁን የእስላም?» የእያንዳንዱ ዋጋ አስቀድሞ ይነገራል። የፈለገ ያዛል፤ ያልፈለገ ተኝቶ፣ ታጥቦ ይሄዳል፤ ማንም ፊት አይነሳውም።

ለሙስሊም እንግዳ ክትፎውን የምትሠራው ጎረቤታቸው ሰልሚያ ናት። ለክርስቲያኑ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለችው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በእጇ ሙያ ልጆቿን የምታሳድገው እሌኒ። ባጃጁ የራምዚ ነው። አንዲት ፍሬ ልጅ በሁለት ክፍል ቤት ስንቱን ሰው እንጀራ አበላች! እትዬ ሰፍያ ይህን ሲያስቡ፣ አፍ አውጥተው ባይናገሩትም፣ ደረታቸው በኩራት ይሞላል።

አንድ ነገር ብቻ ጉሮሯቸው ላይ እንደ አጥንት ቀረ። ምግቡ።

«ነዒማ፣ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው። ደጃችንን ረግጦ የመጣን ሰው አብልተን ሒሳብ አምጣ እንበለው? ሟቹ አያትሽ ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

«እማዬ፣ ለአልጋው ሳስከፍል ዝም ብለሽ ምግቡ ላይ ምነው?»

«አልጋ እንጨት ነው! ምግብ ሌላ ነው። ነገ አገሩ ‹የእነሰፍያ ቤት እንግዳ ቆጮ ተሸጠለት› ሲል የት እገባለሁ?»

ነዒማ ሳቅ ብላ ግንባራቸውን ሳመችና ወደ ሥራዋ ሄደች። እሳቸው ግን አልሳቁም። የቤታቸው ስም በስተእርጅና ሊጠፋ ነው ብለው እንቅልፍ አጡ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ገሠሠና ሃይሚ የሚባሉ ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ መጡ። ጉራጌ አገር ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ነዒማ እራታቸውን ከእሌኒ ዘንድ አዛ፣ ክፍላቸውን አሳይታ፣ የጎደለ ልትገዛ ገበያ ወጣች።

እትዬ ሰፍያ የበሩን መዘጋት ጠበቁ። ከዚያ ቆጮውን ጋግረው፣ አይቡንና ጎመኑን በሰፊው ሳህን ሞልተው፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው የእንግዶቹን በር አንኳኩ።

«ቢስሚላህ በሉ፣ ልጆቼ። መንገድ ያስርባል።»

«ኧረ እማማ፣ ለምን ደከሙ!» አለች ሃይሚ እየተነሳች።

«ዝም ብለሽ ብይ። ክስት ብለሻል፤ ይሄ ባልሽ አያበላሽም እንዴ?»

ገሠሠ እየሳቀ ተጠጋ። እትዬ ሰፍያ አጠገባቸው ተቀምጠው እያጎረሱ፣ «በሞቴ ይቺን ብቻ» እያሉ፣ ሳህኑ እስኪያልቅ አልለቀቋቸውም። ባዶውን ሳህን ይዘው ሲወጡ ልባቸው አርፏል። የቤታቸው ስም ዳነ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነዒማም ተመልሳለች፤ እሌኒም ክትፎውን በጣባ አድርጋ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና ገባች። የቅቤው ሽታ ግቢውን ሞላው።

«እራታችሁ ደርሷል!» አለች ነዒማ በሩ ላይ።

ባልና ሚስቱ ተያዩ። «እኛ እኮ በላን» አለ ገሠሠ። «እማማ አበሉን። ክትፎው በእሱ የተተካ መስሎን ነበር።»

«አሁን አንዲት ጉርሻ ብትጨመርብኝ እፈነዳለሁ» አለች ሃይሚ ሆዷን ይዛ።

ነዒማ ወደ አያቷ ዞረች። እትዬ ሰፍያ ደግሞ ጫማቸውን ያያሉ።

ክትፎው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። የሚበላው ጠፋ። ነዒማም ሆነች አያቷ የክርስቲያን ሥጋ አይቀምሱም። ሰልሚያም ራምዚም እንዲሁ። እሌኒ ጣባዋን አይታ፣ ሰዎቹን አይታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።

«እሺ፣ ለልጆቼ ልውሰደው። ዛሬ ክትፎ በልተው ነገስ ምን ሊበሉ ነው?»

«ዋጋውን እኛ እንከፍላለን፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አለ ገሠሠ።

«ያልበላችሁትን? ለማኝ መሰልኩህ፣ ወንድሜ?» ከዚያ ወደ እትዬ ሰፍያ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ እርስዎ ደግ ነዎት፤ አገር ያውቃል። ግን የዛሬውን ደግነት ያደረጉት በእኔ እንጀራ ነው። ከእንግዲህ እኔ ለዚህ ቤት ሥጋ አልከትፍም።»

እትዬ ሰፍያ ክው አሉ። ለቤታቸው ስም ሲጨነቁ ሰነበቱ፤ የባልቴቷን ልጆች ግን አላሰቧቸውም። እሌኒ ከቀረች ደግሞ ነዒማ ግማሹን እንግዳ በምን ታስተናግዳለች? የቤቱን ስም ያጠፉት እሳቸው ራሳቸው ሊሆኑ ነው። ቁጣ ጠበቁ። «ምን አደረግሽ?» እስክትላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ነዒማ ግን ከእንግዶቹ ጋር ታወራለች።

«ነገ ስትመለሱ ጥያ ላይ ትወርዳላችሁ አይደል? ምሳ የት አስባችኋል?»

«እዚያው የሆነ ነገር አናጣም» አለች ሃይሚ።

«ድንጋዩን ካልበላችሁ በቀር!» አለች ነዒማ፤ ባልየው በሳቅ ፈነዳ። «እሌኒ፣ ይህን ክትፎ ዛሬ ፍሪጅ አሳድሪውና ነገ ጠዋት በደንብ አብስለሽ፣ ከቆጮ ጋር ጠቅልለሽ ብትሰጪያቸውስ? የመንገድ ስንቅ። የምትጨምሪበት ድካም አለ፤ ዋጋውን አንቺ ንገሪያቸው።»

እሌኒ ወገቧን እንደያዘች አሰበች። «በምን ልጠቅልለው?»

«ኮባው ከእኔ ጓሮ!» አሉ እትዬ ሰፍያ ከቀጠሮ እንደዘገየ ሰው ተቻኩለው። «ለጋውን እኔ ራሴ እቆርጥልሻለሁ። እሌኒዬ፣ ወላሂ አላሰብኩትም።»

እሌኒ ሳትፈልግ ፈገግ አለች። «ታዲያ ያልተቀደደ ይሁን፣ እትዬ።»

እንግዶቹ ስንቁን በደስታ ገዙ። በማግስቱ ማታ ከአዲስ አበባ ደውለው፣ ከትክል ድንጋዮቹ አጠገብ ሣር ላይ ተቀምጠው የበሉትን ምሳ አወሩ፤ የሃይሚ እህትም ለሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ስንቅ አዘዘች። ነዒማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትደውል «ለጥያ መንገድ ስንቅ ይጠቀለልልዎ?» የምትል ጥያቄ ጨመረች። ከጥፋት እንኳ ሥራ የምታወጣ ልጅ! እትዬ ሰፍያ ይህን ለጎረቤት ሁሉ አወሩ፤ ሳህኑን ለእንግዶቹ ማን እንደወሰደላቸው ብቻ ዘለሉት።

ለእሳቸውም ልጅቱ ድርሻ ሰጠቻቸው። «እማዬ፣ እንግዳ ሲገባ አንዲት ቁራሽ ቆጮና አንዲት ማንኪያ አይብ አጉርሺልኝ። ይቺ ጉርሻ የቤቱ ናት፤ ዋጋ አይጠየቅባትም። ሆድ የሚሞላውን ግን ለሠራተኞቹ ተይላቸው።»

ከሳምንታት በኋላ አንድ ወፍራም የወልቂጤ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል የተጠቀለለውን ስንቅ በእጁ መዘነና ወደ እትዬ ሰፍያ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ይቺን እንኳ በነጻ ይመርቁልን። የእናት ቤት አይደል?»

«የእናት ቤትማ ነው!» አሉ እትዬ ሰፍያ። «ለዚህ አይደል ስትገባ ቆጮ ያጎረስኩህ? ይሄኛው ግን የእሌኒ ድካም ነው፤ እሷም እናት ናት። ክፈል፣ ልጄ።»

ሰውዬው እየሳቀ ከፈለ። ነዒማ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች።

መኪናው ሲነሳ እትዬ ሰፍያ ሻርፓቸውን ይዘው እስከ መንገዱ ሮጡ።

«ውሃ ይዘሃል? ጥያ ፀሐዩ ይከብዳል! ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ፣ የዚህ አገር ሹፌር አይታመንም!»