ከሀሊሜ ጎን የቀዳሁት ውሃ

ሌላው ሰው መዳፉን ሲበላው «ገንዘብ ሊገባልኝ ነው» ይላል። እኔን ሲበላኝ ሀሊሜ ትመጣብኛለች።

ከስድስት ዓመት በፊት ኢተያ ላይ ትንሽ ክሊኒክ ነበረኝ። ነርስ ነኝ፤ ሰው ዶክተር ሲለኝ ግን አላርምም ነበር። ሀሊሜ በቀኝ ጎድኗ ሥር እብጠት ይዛ መጣች። «ዐሥር ዓመቱ ነው፤ ዝም ካሉት ዝም ይላል» አለችኝ። እኔ አውቃለሁ ባዩ ዝም አላልኩም። ውሃ መቋጠሩን በጣቴ ለይቼ መርፌ ሰደድኩበት። የምንጭ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ወጣ። «ቀለለኝ» ብላ ሳቀች። ወዲያው መዳፏን ታክ ጀመር። ከንፈሯ አበጠ፤ ጉሮሮዋ ተዘጋ። እንዲህ ሲሆን የሚያድን መድኃኒት ክሊኒኬ ውስጥ አልነበረም፤ እጄ ላይ ሞተች። ካርዷ ላይ «የልብ ድካም» ብዬ ጻፍኩ።

የፈሩት ይደርሳል። ዛሬ ጠዋት አሰላ፣ አሁን የምሠራበት ሆስፒታል ክፍል፣ አንዲት ወጣት ገባች።

«ሙቢና እባላለሁ። የሀሊሜ ልጅ ነኝ።»

ያው እብጠት፣ ያው ቦታ። አልገረመኝም። በእነሱ ደጅ በግ ታርዶ ጉበቱ ውሃ ቋጥሮ ከተገኘ ለውሻ ይወረወራል። ውሃውን የሚያስቋጥረው ትል ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል።

«አዲስ አበባ ሄደሽ ቀዶ ጥገና ይሠራልሽ አሉኝ። ቢላዋ እፈራለሁ። እንደ እናቴ በመርፌ ይቅዱልኝ፤ እሷን እንደሆነ የገደላት ልቧ ነው።»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ሌላ ጋ እሄዳለሁ። መርፌ የሚወጋ ሞልቷል።»

እውነቷን ነው፤ የድሮው እኔ በየመንደሩ ሞልቷል። ዝም ብላት ትሞታለች።

«ተቀመጪ» አልኳት። «ሰውነት እብጠቱ ውስጥ ያለውን ትል መግደል ሲያቅተው ዙሪያውን አጥሮ ያስረዋል። የሰውነት ዘቦች ግን ጠላታቸውን አይረሱም፤ መሣሪያቸውን ወልውለው ዓመታት ይጠብቃሉ። አጥሩ ተቀዶ ውሃው ከፈሰሰ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይተኩሳሉ። ያን ጊዜ የሚሞተው ሰውየው ራሱ ነው። ቀዶ ሐኪሞቹ መድኃኒት አስጀምረው፣ ተጠንቅቀው ያወጡታል። እናትሽን የገደላት ልብ አይደለም፤ አጥሩን የቀደድኩት እኔ ነኝ።»

ሙቢና አላለቀሰችም። ሻሿን አስተካክላ ተነሣች።

«አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ ወላሂ» አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች።

«አባቴ ከሶላት በኋላ ዱዓ ሲያደርግ ያንተን ስም ይጠራል። ‹እስከ መጨረሻዋ ታገለላት› ይላል። ዛሬ ምን ልበለው?»