አራት ፊርማ

ባለመሰላሉ አምስተኛው እርከን ላይ እንደቆመ ክው ብሎ ቀረ። እጁ ወደ ኮርኒሱ ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ ግን የጭስ ጠቋሚውን ለመንካት እምቢ አሉት። ክቡን ነጭ ዕቃ ስስ ፕላስቲክ ቀልጦ ለብጦታል፤ ዳር ዳሩን የተጨማደደ ላስቲክ ይዞታል። በዚሁ ሕንጻ ውስጥ ያለው ሆቴል ለእንግዶቹ የሚሰጠው የሻወር ቆብ ነበር።

የሕንጻውን ጠቋሚዎች የሰቀለውና በየዓመቱ የሚፈትሸው ይህ ሰው ጠዋት ወደ ሕንጻው የገባው ደረቱን ነፍቶ ነው። ትናንት ከምሳ በኋላ ምድር ቤት ባለው መተኮሻ ክፍል እሳት ተነሥቶ ጠቋሚው ትንፍሽ ሳይል ቀረ ሲሉት፣ አይጥ ሽቦ በልታ ካልሆነ በቀር የኔ ዕቃ አይዋሽም ብሎ የሕንጻውንና የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ሊቆጣው ምንም አልቀረውም። እንዲያ ያንጨረጨረው ድንጋጤ ነበር። በዚያ ክፍል ሃያ ዓመት ሙሉ አንሶላ የምትተኩሰው የገዛ እኅቱ ናት፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ አዝላ ያሳደገችው እትዬ። ካውያውን የነቀለች መስሏት አንሶላ ክምር ላይ ጋደም እንዳለች ሸለብ አድርጓት ነበር። ጥበቃው በበሩ ሥር የሚወጣውን ጭስ አይቶ ጎትቶ ባያወጣት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ እንኳ አይፈልግም።

ሥራ አስኪያጁ ከታች ሆኖ ምን አገኘህ ብሎ ጠየቀው። ባለመሰላሉ ቆቡን ልጦ ኪሱ ከተተና፣ ሽቦውን ላጣራና ከሰዓት እነግርዎታለሁ አለ። ውሸቱ ለራሱም እስኪገርመው ድረስ ቀለለው። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ቁርጡን ተናግሯል፤ ዕቃውን የነካካ ሠራተኛ ከተገኘ ዛሬውኑ ይሰናበታል። ለእትዬ ደግሞ ጡረታ ለመውጣት የቀራት ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

እሷ ቤት እስኪደርስ መንገዱን ሙሉ ሌላ ጥፋተኛ ሲፈልግ ሄደ። አዲሷ አጣቢ ትሆን? ተደብቆ የሚያጨስ ሰው ይኖር ይሆን? ልቡ ግን ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት እዚያው እትዬ ቤት፣ ምሳ ላይ፣ ዘመድ አዝማዱን በሳቅ የገደለው ራሱ ነው። የሆቴል እንግዶች ማጨስ ሲያምራቸው ጠቋሚውን የሻወር ቆብ ያጠልቁለታል፣ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ቢጋይም አይሰማም ብሎ በድስት ክዳን እያሳየ ነግሯቸዋል። እትዬ እንባዋ እስኪፈስ ነበር የሳቀችው።

አሁን አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ድምፅዋ ሻክሯል። ባለመሰላሉ ቆቡን ከኪሱ አውጥቶ ብርድ ልብሷ ላይ አኖረው። አልደነገጠችም፤ እሱን ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

«እኔ ነኝ» አለችው። «እንፋሎት በነካው ቁጥር እየጮኸ ሰዉን ሁሉ ያተራምሰው ነበር። ስድቡ ደግሞ ለኔ ነው። ሁለት ጊዜ ነገርኩህ እኮ።»

ነግራዋለች። እንፋሎት ላለበት ክፍል የሚገባው የሙቀት ጠቋሚ ነው፣ በሚቀጥለው ይዤልሽ እመጣለሁ ብሏት ነበር፤ ያ የሚቀጥለው ሳይመጣ ቀረ። ጩኸቱ ሲቆምም፣ እኔ ካጸዳሁት ወዲህ አደብ ገዛ እያለ ለባልደረቦቹ ጉራውን ሲነዛ ከርሟል።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

እትዬ ግራ ገብቷት አየችው። «ምኑን ነው የምነግርህ? በየዓመቱ ትመጣ የለም እንዴ? አንሶላው ላይ ተቀምጠህ ሻይህን ትጠጣለህ፣ ፈርመህ ትሄዳለህ። አይተኸው፣ ለኔ ብለህ ዝም ያልክ ነበር የመሰለኝ። ወንድሜ አያጋልጠኝም እያልኩ ስኮራብህ ነው የኖርኩት።»

ዝም እንዲልላት እኮ መጀመሪያ ማየት ነበረበት። እሱ ቀና ብሎም አላየ። መሰላሉን በር ላይ አስደግፎ፣ የእትዬ ክፍል ምን ይሆናል ብሎ፣ የፍተሻ ካርዱ ላይ «ተሞክሯል፣ ይሠራል» እያለ ፈርሟል። አራት ዓመት፣ አራት ፊርማ። እትዬ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ከምሳ በኋላ ጋደም የምትለው በዚያው ቆብ ሥር ነው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ዘፍ አለ።

«ሄደህ እሷ ናት በላቸው» አለችው። «አንተ ገና ልጆች ታሳድጋለህ።»

ደህናውን እጇን ስሞ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲደርስ ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ካርዱንም አጠገቡ። ቆቡን ያጠለቀው ሰው ዘዴውን የተማረው ከኔ ነው አለ። ለክፍሉ የማይሆነውን ዕቃ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ አለ። ከዚያ አራቱን ፊርማዎች በጣቱ እያሳየ፣ እነዚህን ስፈርም አንድ ቀን መሰላሉ ላይ አልወጣሁም አለ። እንዲጮህበት ይጠብቅ ነበር፤ ቢጮህበት በቀለለው።

ሥራ አስኪያጁ አልጮኸም፤ ማን ሸፈነው ብሎም አልጠየቀም። ከመደርደሪያው የሕንጻውን መዝገብ አውርዶ ገለጠ። ዘጠኝ ፎቅ፣ መቶ አሥራ ሁለት ጠቋሚ፣ በእያንዳንዱ ትይዩ ያው ፊርማ። ፊቱ ላይ ደም የሚባል ነገር አልቀረም።

«ሌሎቹስ?» አለ።

ባለመሰላሉ በሦስተኛው ፎቅ ያሉትን ሱቆች፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ቢሮዎች፣ በስድስተኛው ያለውን የሕፃናት ማቆያ አንድ በአንድ ሊያስታውስ ሞከረ። የትኛው ጋ መሰላሉን እንደዘረጋ፣ የትኛው ጋ በር ላይ ቆሞ እንደፈረመ ጠፋው። የሕፃናት ማቆያው ኮርኒስ ቀለሙ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አንሥቶ ሰው ሁሉ ከሕንጻው ይውጣ አለ። ባለመሰላሉ ደረጃው ሥር ቆሞ የሚወርደውን ሁሉ አሳለፈ። ሕፃናቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወርዱ ቆጠራቸው፤ ሃያ ሦስት ነበሩ። የመጨረሻዋ ከበሩ እስክትወጣ ጠበቀና መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ስድስተኛው ፎቅ ወጣ።