ሁለት የቀኝ በሬዎች

የአንድ በሬ ማኅበር ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሰውየው አበረ ይባላል። ከጉንደ ወይን እስከ መርጡለ ማርያም አንድ በሬ ብቻ ያለው ማን እንደሆነ፣ በሬው ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ሲጠመድ ይለግም አይለግም፣ ሁሉንም ያውቃል። አያ አበረ በሬ ከሩቅ ሲያገሳ ሰምቶ የእናቱን ስም ይናገራል ይባላል። ይህ ትንሽ ተጋኗል፤ የእናቱን ስም የሚናገረው ቀርቦ ካየው በኋላ ነው።

የማኅበሩ ሥራ ለመናገር ቀላል ነው። በሬ ለብቻው አያርስም። ባሏ ሞቶባት አንድ በሬ የቀራት ሴት ካለች፣ ማኅበሩ እንደሷ አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ፈልጎ ያቀናጃታል። ሰውየው ሁለቱን ጠምዶ አንድ ቀን የራሱን ያርሳል፣ አንድ ቀን የእሷን። መቀናጆ ካላገኘች መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች፤ በመኸር ግማሹ እህል በሰው አህያ ተጭኖ ሲሄድ ደጇ ላይ ቆማ ታያለች። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሥራነሽ ይህን በልጅነቷ በእናቷ ደጅ ቆማ አይታዋለች፤ እንደገና ለማየት ፈቃደኛ አልነበረችም።

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግን የአያ አበረ ጉልበት አልታዘዝም አለ። ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ ጭንቅላቱን ተሸክሞ ቀበሌ ለቀበሌ የሚያዞረው እግር ጠፋ።

በዚያው ዓመት ደብረ ማርቆስ አንድ ፕሮግራም ገባ። ብዙ ዘመን የሠሩ የበጎ አድራጎት ማኅበራትን ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ ባለሙያ መድቦ፣ በስልክና በኮምፒውተር የሚሠራ አዲስ አገልግሎት እንዲፈጥሩ የሚያግዝ ነው፤ ሥራነሽም ማኅበሩን አስመዘገበች። ኢንኩቤሽን ይሉታል። ምን ማለት ነው ሲባል፣ ኃላፊው አቶ ድረስ፣ ሸሚዙ ጭቃ የማያውቅ ሰው፣ «እንቁላል ማስፈልፈያ እንደማለት ነው» ብሎ አስረዳ። ምነው ባላስረዳ! ከዚያ ቀን ጀምሮ የደብረ ማርቆስ ገበያ ሰው ሥራነሽን ባየ ቁጥር «እትዬ፣ ጫጩቱ ደረሰ ወይ?» ይላት ጀመር።

«ታቅፌዋለሁ፤ ዞር በል፣ ብርድ ታስገባበታለህ» ትላለች እሷም።

የፕሮግራሙ ሕግ አንድ ነበር። በአያ አበረ ፈንታ በሬ የሚያቀናጀው የስልክ መስመር ከግንቦት ልደታ ጀምሮ ይሞከራል፤ ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ሠላሳ ጥንድ በሬ በእሱ ተቀናጅቶ ካረሰ ይቀጥላል። ካልሆነ መስመሩ ይዘጋል፣ ባለሙያዋም ለሌላ ማኅበር ትሰጣለች።

ባለሙያዋ ሂዊ ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በሬ ያየችው ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ግን ትጉህ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ አያ አበረ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠየቀችው።

«ሁለት በሬ ከማቀናጀትዎ በፊት ባለቤቱን ምን ምን ይጠይቁታል?»

«ሰፈሩን። የበሬውን ዕድሜ። ቁመቱን። አመሉን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ ልጄ? በሬ ነው እንጂ ሙሽራ አይደል።»

ሂዊ አራቱን ጥያቄ አስገባች። ገበሬው ይደውላል፣ የሴት ድምፅ ትጠይቀዋለች፣ ቁጥር እየተጫነ ይመልሳል፤ ከዚያ ለሁለቱ ሰዎች የመቀናጆው ስም በመልእክት ይደርሳቸዋል። መጀመሪያ ላይ ድምፂቱ «እንደምን ዋሉ» ስትል አሮጊቶቹ ሁሉ የእሷን ጤና፣ የልጆቿን ጤና፣ የከብቶቿን ጤና ሳይጠይቁ ቁጥር መጫን ነውር ሆነባቸው፤ መስመሩ እየተቋረጠ አስቸገረ። ሂዊ የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ አንድ ደቂቃ አሳደገችው። በጉንደ ወይን በኩል ያለች አንዲት ባልቴት ግን ደቂቃውንም ጨርሳ፣ «ይቺ ልጅ ሰው ታዳምጣለች፤ ባል አላት?» ብላ አስጠየቀች ይባላል።

በአሥራ ሁለት ቀን ሠላሳ ጥንድ በኮምፒውተሩ ላይ ተቀናጀ። አቶ ድረስ አጨበጨበ። ሥራነሽ አላጨበጨበችም፤ «ሲያርስ ልየው» አለችና ሂዊን ይዛ ወደ ጉንደ ወይን በሚኒባስ ወረደች።

የመጀመሪያው ጥንድ የዘሪቱ ዳልቻና የባዘዘው ቦራ ነበሩ። ዘሪቱ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የጎረቤት ሰው መሬቷን ለእኩል እንድትሰጠው ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮባታል። ባዘዘው ሁለቱን በሬዎች ጠመደ፣ ጅራፉን አጮኸ። ዳልቻ ወደ ቀኝ ተገፋ። ቦራም ወደ ቀኝ ተገፋ። እንደገና አስተካከላቸው፤ እንደገና ቦታ ለመቀማማት ተጋፉ፣ ቀንበሩ ተጣመመ፣ ከዚያ መዞር ጀመሩ። እንደ ወፍጮ ዞሩ። በኋላ ሲወራ፣ እርሻው መሀል ክብ አውድማ ሠርተው ነው የቆሙት፣ ለመውቂያ የሚሆን ተባለ። አውድማ አልሠሩም፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረውን ምራን ግን በጥሰዋል።

«ምን ሆኑ?» አለች ሂዊ።

ባዘዘው ላቡን ጠርጎ አያት። «ሁለቱም የቀኝ ናቸዋ!»

«የቀኝ ማለት?»

«እንዴ! በሬ ሲለምድ ወይ በቀኝ ነው ወይ በግራ። በቀኝ ያደገ በግራ ቢያቆሙት ሰው ጫማውን አቀያይሮ እንዳደረገ ነው። ይህን የማያውቅ አለ እንዴ?»

ሂዊ ፊቷ ቀላ። እስከ ማታ ድረስ ከየቀበሌው አሥራ አራት ስልክ ተደወለ፤ ግማሹ ሁለት የቀኝ፣ ግማሹ ሁለት የግራ።

ሥራነሽ በነጋታው አያ አበረ ዘንድ ሄደች። «ምነው አያ አበረ፣ ቀኝና ግራውን ለልጅቱ ሳይነግሯት?»

ሽማግሌው እውነትም ደነገጠ። «እኔ መቼ ጠይቄ አውቃለሁና! አንገቱን አየዋለሁ። ቀንበሩ የላጠው ጠባሳ ይነግረኛል። ዓይኔ የሚሠራውን ሥራ አፌ በየት አውቆት?»

ሥራነሽ ለመቆጣት መጥታ ነበር፤ ቁጣዋ የሚያርፍበት አጣ።

አቶ ድረስ ግን ሌላ መላ ነበረው። ቢሮው ጠርቷት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ሥራነሽ፣ ሕጉ ላይ ‹ተቀናጅቶ› ይላል። ሠላሳ ተቀናጅቷል። እኔ ያንን እጽፋለሁ፣ መስመሩም ይቀጥላል፣ ቀስ ብላችሁ ታስተካክላላችሁ» አላት።

«‹ካረሰ›ም ይላል።»

«ማን ወርዶ ያያል?»

«ዘሪቱ ታየዋለች» አለች ሥራነሽ። «መሬቷ ጦም አድሮ። አቶ ድረስ፣ ያላረሰ በሬ በወረቀት ካረሰ፣ በመኸርም በወረቀት ይብሉ ነው የሚሏቸው? ቀናችንን አይንኩብን እንጂ ሌላ አልለምንዎትም።»

ወጣች። ሂዊ በዚያው ቀን አምስተኛውን ጥያቄ አስገባች፤ «በሬዎ የቀኝ ከሆነ አንድን፣ የግራ ከሆነ ሁለትን ይጫኑ።» የተመዘገቡት ግን ሁሉም እንደገና መጠየቅ ነበረባቸው። ስልክ ያነሳውን በስልክ፣ ያላነሳውን በእግር ፈለጉት። ሂዊ ከከተማ ይዛ የመጣችው ነጭ ጫማ በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ጠፋ፤ በስድስተኛው ቀን ራሱ ጫማው ጠፋ፣ አንዱ እግር አሁንም መርጡለ ማርያም መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ አለ። ሥራነሽ የአንዷን ባልቴት የፕላስቲክ ጫማ ለምና ሰጠቻት፤ ሂዊም ሳታጉረመርም መንገዷን ቀጠለች። አንገት ማየትም ተማረች፤ በመጨረሻ ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት «የግራ ነው፣ አይደል?» ትል ጀመር።

ሰኔ ሦስት ቀን ሃያ ዘጠኝ ጥንድ ትልም ገብቶ ነበር። የቀሩት ሁለት በሬዎች ብቻ ናቸው፤ የዘሪቱ ዳልቻና የባዘዘው ቦራ። በዙሪያው ያልተቀናጀ የግራ በሬ የለም። ሁለቱም የቀኝ።

«ተይው እትዬ» አለች ዘሪቱ። «ዕጣዬ ነው። ለእኩል እሰጠዋለሁ።»

«አትሰጪውም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

ሥራነሽ ወደ አያ አበረ ደወለች። በሬ የለመደውን ጎን መቀየር ይችል እንደሆነ ጠየቀችው።

«ይችላል። ሰውም ይችላል፣ አይወድም እንጂ» አለ ሽማግሌው። «ማረሻ የሌለው ባዶ ሞፈር አስይዣቸው። የሚለወጠውን በግራ አቁመሽ፣ አንድ ሰው ገመዱን ይዞ ራሱ አጠገብ ይሂድ። መንገድ ለመንገድ። ሳምንት ይበቃዋል።»

«እስከ ሚካኤል ስምንት ቀን አለን።»

«የጎጃም ስምንት ቀን ነዋ! አቦን አውጪ፣ ቅዳሜን አውጪ፣ እሑድ ሥላሴ ነው።»

«አምስት» አለች ሥራነሽ።

«እንግዲያስ ጠዋትም ማታም።»

ሥራነሽ ወደ ደብረ ማርቆስ አልተመለሰችም፤ ዘሪቱ ቤት አደረች፣ በነጋታው ገመዱን ራሷ ያዘች። ዳልቻ በመጀመሪያው ቀን ቀንበሩን፣ ቦራን፣ ሊቀ መንበሯንም ጨምሮ ጎትቶ የጉንደ ወይን ገበያ መሀል ገባ። ሰው እንደሚያወራው ሦስት ኩንታል በርበሬ ተበትኖ ከተማው እስከ ማታ ሲያነጥስ ዋለ። የተረገጠው አንድ መደብ ቲማቲም ነው፤ ሥራነሽ ግን ገመዱን አለቀቀችም፣ መዳፏ ተልጦም አለቀቀችም። «በሬው ነው ወይስ እሷ የምትሠለጥነው?» ብሎ አንዱ ባለ ሱቅ ጮኸ።

«ሁለታችንም!» አለችው ቀና ሳትል።

በሁለተኛው ቀን ዳልቻ ሃምሳ እርምጃ በግራ ሄደ። በሦስተኛው እስከ ድልድዩ። በአራተኛው ቀን መታጠፊያው ላይ እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ሊገፋ ፈልጎ፣ ሥራነሽን አያት፣ ተወው።

ሰኔ አሥራ አንድ፣ የሚካኤል ዋዜማ፣ አቶ ድረስ ቅጹን ይዞ በመኪና መጣ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ከመኪናው ሲወርድ ሸሚዙም ሱሪውም ጭቃ አወቁ። ባዘዘው ሁለቱን ጠመደ፤ ቦራ በቀኝ፣ ዳልቻ በግራ። ዘሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ሥራነሽ ገመዱን ፈትታ ወደ ኋላ ሸሸች፤ እጇ ባዶውን ሲቀር ምን እንደምታደርገው ጠፋት፣ ወገቧን ያዘችበት።

«ና! በል ሂድ!» አለ ባዘዘው።

ሄዱ። ማረሻው ገባ፣ ጥቁሩ አፈር ተገለበጠ። መሀል ላይ ዳልቻ ትንሽ አሰበ፤ ትልሙ ወደ ጎን አዘመመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አዘመመ። ጥግ ደርሰው ዞሩ፣ ሁለተኛውን ጀመሩ። በስምንተኛው ትልም ላይ ዘሪቱ ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ ወገቧን ታጠቀችበት፣ እርሻው ውስጥ ገብታ ጓል ትከሰክስ ጀመር።

አቶ ድረስ ብዕሩን አውጥቶ አመነታ። «ትልሙ ጠማማ ነው እኮ፣ እትዬ ሥራነሽ።»

«ቅጹ ላይ ‹ቀጥ ያለ› የሚል ቦታ አለ?»

ገልብጦ ፈለገ። «የለም።»

«እንግዲያስ ይጻፉ። ሠላሳ።»

ጻፈ። ሂዊ በስልኳ የዳልቻን መዝገብ ከፍታ፣ ከ«ቀኝ» ወደ «ግራ» ልትለውጠው ስትል ሥራነሽ እጇን ያዘቻት።

«አትሰርዢበት። ሁለቱንም ያውቃል አሁን። ሁለቱንም ጻፊለት።»

«ሁለቱንም የሚል ምርጫ አልሠራሁም እኮ» አለች ሂዊ።

«ሥሪዋ!»

ሂዊ በተዋሰችው የፕላስቲክ ጫማ እርሻው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና መሥራት ጀመረች።