የአምባሳደሩ ታናሽ እህት

ታላቅ ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ «አምባሳደር» ይለው ነበር። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲካሰስ የሚጠራው እሱ ነው፤ ድመትና አይጥ ሳይቀር ያስታርቃል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ቋንቋ ስለሚችል ከአደራዳሪዎች ጋር በአስተርጓሚነት ወደ ድንበር ሄደ። የተሳፈሩባት መኪና ግን ሳትመለስ ቀረች። እንዲያለቅሱ አስከሬን አልመጣ፣ ተስፋ እንዲያደርጉ ወሬ የለ። እናቱ በር ሳትቆልፍ ማደር ለመደች።

ታናሽየዋ ኮሌጅ ልትጨርስ ስትቃረብ በዓለም አቀፍ ግንኙነት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ውጭ አገር ማመልከት ጀመረች። መምህሯ ችኮላዋን አልወደዱላትም። መጀመሪያ ሥራ ያዢ፣ ሰው እወቂ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም የሚመርጡት ልምድ ያለውን ነው ብለው መከሯት። አንገቷን ደፍታ እሺ ብላ ወጣች፤ ማመልከቻውን ግን ላከች። አንዱ ዩኒቨርሲቲ በቪዲዮ ሊያነጋግራት ቀጠራት።

ልምምዷን የምታደርገው በወንድሟ ክፍል ነበር፤ ኢንተርኔቱ ደህና የሚይዘው እዚያ ነው። ከግድግዳው ማዶ እናቷ ልብስ ትሰፋለች። ልጅቱ ጮክ ብላ መናገር ስትጀምር የስፌት መኪናው ቀጥ ይላል፤ ዝም ስትል ይነሳል። እንዳትረብሸኝ ብላ ይሆናል ስትል ገመተች። አንድ ከሰዓት ግን በሩን ብትከፍተው እናቷ ክር በእጇ እንደያዘች ደፉ ላይ ቆማለች።

«እሱ የመጣ መስሎኝ» አለች እናት በቀስታ።

ክሩን በጣቷ ላይ እየጠቀለለች ልጇን ቀና ብላ አየቻት።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ የምትሄጂው ልትማሪ ነው ወይስ ልትፈልጊው?»

«ልማር ነው፣ እማዬ።»

እናት ራሷን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጅቱ በዚያ ክፍል ውስጥ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መቀመጥ አቃታት።

የቀጠሮው ዕለት አንዲት ጠያቂ ጥቂት ሠርተሽ ብትመጪ ምን ነበረበት፣ ምን አስቸኮለሽ አለቻት። ያጠናችውን መልስ ተወችው።

«ወንድሜ ድንበር ላይ የተጣሉ ሰዎችን ቃል ሲያስተረጉም ቀረ» አለች። «ሰዎቹ ምን ተባብለው እንደተጣሉ ሳላውቅ፣ ሥራ ብይዝም እጄ አይሠራም።»

ይህን ስትናገር ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። ከግድግዳው ማዶ ኮሽታ አልነበረም።

ተቀበሏት። እናቷ እየሳቀች አቀፈቻትና ለብርዱ የሚሆን ካፖርት ልትሰፋላት ተቀመጠች። ሜትር አላነሳችም፤ የልጇን ልክ ዓይኗ ያውቀዋል። እሷ የሰፋችው ልብስ ጠበበ፣ ሰፋ ተብሎ አያውቅም።

ካፖርቱ አልቆ ልጅቱ ስትለብሰው ትከሻው ወደ ታች ወረደ፣ እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው። እናት አዟዙራ አየቻት፤ ፊቷ በራ።

«ልክ ነው» አለች።

ልጅቱ እጅጌውን ልትጠቀልል ጀምራ፣ የማን ልክ እንደሆነ ሲገባት ተወችው።

«ልክ ነው፣ እማዬ» አለች፤ እንደዚያው ለብሳው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች።