የአባዬ ጥርስና የማሽኑ ዕዳ

አባቴ የተሰበረ ሰው ሠራሽ ጥርሱን በሱፐር ግሉ አጣብቆ ጨርሶ አበላሸው።

ጥርሱ የተሰበረው ቧንቧ ሥር ሲያጥበው ከእጁ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ብንወስደው በትንሽ ገንዘብ ይጠገን ነበር። አባዬ ግን የማሽኑ ዕዳ የሚከፈልበት ቀን መድረሱን ስለሚያውቅ ለማንም ሳይናገር ሱቅ ወርዶ ሙጫ ገዛ። ጫማውን በዚያው ሙጫ ሲያጣብቅ ኖሯል፤ ጥርስ ከጫማ በምን ይለያል ብሎ ነው። አንዱ ግማሽ ወደፊት፣ ሌላው ወደ ጎን ዞሮ ደረቀ። አፉ ውስጥ ሲከተው ድዱን አቆሰለው። ይዤው ስሄድ የጥርስ ሐኪሙ መብራት ሥር አገላብጦ አየና “ማን ነው ይኼን የሠራው?” አለኝ።

“ባለቤቱ።”

“እንደተሰበረ ብታመጡት ኖሮ ይጠገን ነበር። አሁን ሙጫው በልቶታል። አዲስ ነው የሚያስፈልጋቸው።”

ዋጋውን ነገረኝ። ከማሽኑ የወር ክፍያ እምብዛም አይርቅም። ጥርሱን በሶፍት ጠቅልሎ መለሰልኝ፤ ምን እንዳደርገው ብሎ እንደሆነ አላውቅም።

ማሽኑ ኦቨርሎክ ነው፤ የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚዘመዝም። እማዬ ከአንድ የብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበድራ ገዛችው፤ ወንድሟ ደግሞ ደመወዙን አስይዞ ዋስ ሆናት። ሳሎን ውስጥ ከአልጋዬ አጠገብ ቆሟል። ሲሠራ አልጋዬም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እማዬ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ሥራውን የሚያመጣው ግን አባዬ ነው። ዕድሜውን በአውቶቡስ ረዳትነት የጨረሰ ሰው ነው፤ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ትምህርት ቤቶችን እየዞረ፣ ናሙና እያሳየ፣ እያሳቀ፣ እየተከራከረ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ቀብድ ይዞ ይመለሳል። በቀብዱ ጨርቅ ይገዛል፣ ዕዳ ይከፈላል። እማዬ እንኳን ደንበኛ ልታግባባ፣ ዋጋ ጥሪ ስትባል ምላሷ ይታሰራል።

ጥርሱ ከተሰበረ ወዲህ አባዬ እጁን አፉ ላይ አድርጎ መኝታ ክፍል ተቀምጧል። ለቁርስም አይወጣም። ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ነው፤ የዓመቱ ዋና ገቢያችን የሚገባው አሁን ነው።

እሱን ተክቼ ናሙናውን ይዤ ወደ አንዱ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ርዕሰ መምህሯ ሱሪውን ገልብጣ ስፌቱን አየች፣ ዚፑን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገች፣ ከዚያ “ቅናሽ የለውም?” አለችኝ።

“የለውም። ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?”

ሱሪውን ራሷ አጣጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ መለሰችው። “ሽማግሌው ይምጡ፤ ከእሳቸው ጋር እንግባባለን። ግን ከዚህ ሳምንት አላሳልፈውም። ሌላም ሰፊ ናሙና አስቀምጦልኛል።”

ቤት ገብቼ ይኼን ስነግራት እማዬ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በማሽኑ መሳቢያ ውስጥ የዚህ ወር ክፍያ በፖስታ ተቀምጧል። ቤታችን ውስጥ ከእሱ ሌላ ገንዘብ የለም። እኔ ከተመረቅኩ ጀምሮ ማመልከቻ ሳስገባ ነው የከረምኩት፤ ልጆች አስጠንቼ የማገኛት ደግሞ ለመብራትና ለውሃ ሄዳለች። የፖስታው ገንዘብ ወይ ለጥርሱ ወይ ለዕዳው ይበቃል፤ ለሁለቱም አይበቃም።

“እማዬ፣ ነገሩ ግልጽ እኮ ነው። በዚህ ገንዘብ ጥርሱ ይሠራ። ማኅበሩን አንድ ወር አራዝሙልን እንበል።”

“የወንድሜ ደመወዝ ይቆረጥ?” ክር መርፌ ውስጥ እያስገባች ነበር፤ ቀና አላለችም።

“አይቆረጥም። የሚቆረጠው ዝም ብለሽ ቀኑን ካሳለፍሽው ነው። ቀድመሽ ከጠየቅሽ ያራዝሙልሻል።”

“አንቺ አፍሽ ውስጥ ሁሉም ነገር ቀላል ነው።”

“ከፍለንስ? የሚቀጥለውን ወር በምን ልንከፍል ነው? አባዬ ካልወጣ ትእዛዝ የለም። ትእዛዝ ከሌለ ቀብድ የለም። ያኔ ማሽኑንም ይወስዱታል፣ የወንድምሽንም ደመወዝ ይቆርጡታል።”

አባዬ የመኝታ ክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ “ፕሮፌሰሯ!” አለና ሌላም ነገር ጨመረ። ከመዳፉ ሥር ስለሆነ አልሰማሁትም። ምርቃት እንዳልነበር ግን እርግጠኛ ነኝ።

እማዬን ሳልነግር ማኅበሩ ጋ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከእኔ ቀድማ የተመረቀች ናት፤ አወቀችኝ፣ ግን የማታውቀኝ መሰለች። እኔም ለሷ ብዬ የማላውቃት መሰልኩ።

“ይራዘማል” አለች። “ትንሽ ወለድ ይጨመርበታል። ዋሱ መጥተው ይፈርሙ።”

“የግድ ነው?”

“የተያዘው የሳቸው ደመወዝ ነዋ! እኔ ልፈርምላቸው?”

ከዚያው ከበሩ ላይ ለአጎቴ ደወልኩ። በማግስቱ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲሄድ ጎራ አለ። ንብረት ክፍል ነው የሚሠራው፤ ከኪሱ እስክሪብቶ አይጠፋም። እማዬ በር ላይ ስታየው መጀመሪያ ደስ አላት፤ ቀጥላ እኔን አየችኝና ገባት።

“ጠራሽው?”

“ጠራሁት።”

“ጋሼስ?” አለ አጎቴ ዙሪያውን እያየ።

“ተኝቷል” አለች እማዬ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ የአባዬ እግር ይታያል።

ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት። አጎቴ ጨርቁን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የቀረበለትን ሻይ አልነካውም። እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና መልሶ ከተተው።

“እታለም” አለ በመጨረሻ፣ “ብፈርምልሽ ደስ ባለኝ። ግን የመሥሪያ ቤታችን የቤት ብድር ምዝገባ የሚዘጋው የእናንተ ዕዳ በሚያልቅበት ወር ነው። በዋስትና የተያዘ ሰው አይመዘገብም። አንድ ወር ካራዘማችሁት እኔ ቀረሁ ማለት ነው። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ልጆቼ እግርና ራስ ሆነው ነው የሚተኙት፤ አይተሻል።”

“አይቻለሁ” አለች እማዬ። “አልጠየቅኩህም እኮ። እሷ ናት።”

“ካልፈረምክ እኮ የሚቀጥለውን ወር መክፈል አንችልም” አልኩ። “ያኔ ዕዳው እዚያው ነው፤ አንተም አትመዘገብም፣ ደመወዝህም ይቆረጣል።”

“እያስፈራራሽኝ ነው?”

“እያሰላሁልህ ነው።”

“ይቺን ልጅ ማን ነው ያስተማራት?”

“አንተም አለህበት” አለች እማዬ።

“እኔ እስክሪብቶና ደብተር ነው የገዛሁላት። መልሳ ትወጋበታለች ማን አለኝ?” ሊስቅ ሞከረ፤ ድካሙ አሸነፈው። የደረት ኪሱን ፈትሾ የተጣጠፈ ገንዘብ አወጣ። “ደመወዝ እስኪወጣ ያለችኝ ይቺ ናት። ለጥርሱ መነሻ ትሁን።”

እማዬ እጁን ገፋችው። እሱ መልሶ ዘረጋ፣ እሷ መልሳ ገፋች። ገንዘቡ ደግሞ ይኼ ሁሉ ግብ ግብ የሚገባው አልነበረም፤ ከእሷ ታክሲ፣ ከእሱ ምሳ አያልፍም። ሁለቱም ደክሟቸው እጃቸውን ሲያወርዱ ገንዘቡ መሬት ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።

ያኔ የመኝታ ክፍሉ በር ተከፈተ። አባዬ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሹራቡን ደርቦ፣ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ ወጣ። እጁ አፉ ላይ አልነበረም። ጥርሱ ከተሰበረ ወዲህ ፊቱን ሙሉ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተው ፊቱ የተገለበጠ ኪስ መስሏል።

“ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?” አጎቴ ብድግ አለ።

“ተቀመጥ። ወንበር የሚለቀቅልኝ ገና ስሞት ነው።” ድምፁ ያው ነው፤ ቃላቱ ግን ዙሪያቸው ለስልሷል፣ ‘ሰ’ ያለበት ሁሉ እያፏጨ ይወጣል። “የማሽኑን ክፈሉ። እሱም ቤቱን ይመዝገብ።”

“ጥርሱስ?” አልኩ።

“ከቀብዱ ይሠራል።”

“ቀብዱን ማን ያመጣል?”

“እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያመጣው?”

እማዬ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። “እንዲህ ሆነህ ልትሄድ ነው?”

“ርዕሰ መምህሯን ልበላት አይደለም እኮ የምሄደው፤ ላነጋግራት ነው።”

መጀመሪያ የሳቀው አጎቴ ነው። ወዲያው አፍሮ አፉን ያዘ፤ አባዬ ደግሞ ጣቱን ቀስሮ “አንተ ምን አለብህና ትሸፍናለህ? ያንተ አለልህ!” ሲለው እማዬንም አመለጣት። የምትስቀው ዓይኗን ጨፍና ነው፤ ስትጨርስም ወዲያው አልከፈተችውም።

እኔ አልሳቅኩም። “ቢስቁብህስ?” አልኩት።

“የሚስቅ ሰው ዋጋ አይከራከርም” አለኝ። “አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲሰድበኝ ነው የኖርኩት፤ የአንዲት ሴትዮ ቢሮ ምን ያህል ሰው ይይዛል?”

እውነቱን ለመናገር የረባ ዕቅድ አልነበረም። ርዕሰ መምህሯ ብትመልሰው የሚቀጥለው ወር ክፍያ የለም፤ ማሽኑ ይሄዳል፣ የአጎቴም ቤት ይሄዳል። ግን ከእኔ ዕቅድ የሚለየው ማንም እንዲፈርምለት አለመፈለጉ ነው።

እማዬ መሳቢያውን ከፍታ ፖስታውን ሰጠችኝ። “መስኮቱ ሳይዘጋ ክፈይ። ደግሞ ከልጅቷ ጋር እንዳትጣዪ።” ከዚያ ሄዳ የአባዬን ኮሌታ ከሹራቡ ውስጥ አወጣችለት። ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጠገነ ነው፤ ጥገናው ከሹራቡ ያምራል።

“አብሬዎት ልሂድ?” አለ አጎቴ።

“ሥራህ አይርፈድብህ። ደመወዝህን እንፈልገዋለን።”

የናሙናውን ቦርሳ ከማሽኑ ሥር አነሳሁለት። በግራ እጁ ተቀበለኝ። ደፉ ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁ ሳያስበው ወደ አፉ ወጣ። መሀል መንገድ ላይ አስቆመው፣ ትንሽ አየው፣ ቦርሳውን ከግራው ወደ ቀኙ አዛወረና ወጣ። በራችን ስለተጣመመ አንዴ ሲስቡት አይገጥምም። ከውጭ ሳበው፣ አልገጠመም። ቦርሳውን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። በሁለት እጁ ሳበና ዘጋው።