ገንዘቡ መጣ

፩

«ገንዘቡ መጣ» ብሎ ተረጎመው።

ውሸታም!

፪

ከመሃል ጀመርኩ አይደል? ምን ላድርግ፣ ንዴት ወግ አያውቅም። እሺ፣ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ናሁሰናይ ይባላል። «ዘጠኝ ፀሐይ ሪል እስቴት» የሚባል የቻይና ቤት ሻጭ ድርጅት አስተርጓሚ ነው። ዘጠኝ ፀሐይ! አንዷ እንኳ አናታችንን እየበሳችን። ድርጅቱ ሰሚት አካባቢ ባለ አሥራ ስምንት ፎቅ ሕንፃ እሠራለሁ ብሎ፣ ገና ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ ቤቶቹን ሸጦ ጨረሰ። ሕንፃው ስድስተኛ ፎቅ ሲደርስ ቀጥ አለ፤ ከገዢዎቹ የቀረው ገንዘብም ያለነሱ ፊርማ እንዳይወጣ ባንክ ውስጥ ታገደ። ከዚያ በላይ ያለውን የገዛ ሰው አየር ነው የገዛው። አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ የሪል እስቴት ነገር ታይቷቸው መሆን አለበት።

እትዬ ዘርፌ የገዛችው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው።

እትዬ ዘርፌ የናሁሰናይ አክስት ናት። እናቱ ስትሞት ወስዳ አሳደገችው፤ መርካቶ አንሶላና ብርድ ልብስ እየሸጠች ቻይና ድረስ ልካ አስተማረችው። ቤቱን የገዛችው ሱቋን ሸጣ ነው። የገዛችውም እሱ «ግዢ» ስላላት ነው። ሌላ ማን አላት?

፫

አስተርጓሚ ለመሆን የሚያስፈልግህ፦

ሱፍ ልበስ። ሽቶ ተቀባ፣ በደንብ። ሁለት ሰዎች መሃል ቁም፣ ግን ደመወዝ ወደሚከፍልህ ጠጋ በል። ቻይናው ሲቆጣ አንተ ፈገግ እያልክ ተርጉም። ሐበሻው ሲቆጣ «ትንሽ ጥያቄ አለው» በል። ያልገባህን አስረዝመው። የገባህን አሳጥረው። ሰው ዓይን ዓይንህን ሲያይህ ስልክህን አውጣ።

ከሁሉም በላይ ግሱን ተጠንቀቅ። ሰው የሚደበቀው ግስ ውስጥ ነው።

፬

መቼም የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ። ምግብ ቤት ገብታችሁ «ኧረ ሽሮው የት ደረሰ?» ስትሉ አስተናጋጁ «መጣ!» ይላችኋል። ሽሮው ገና እሳት አላየም። ጓደኛችሁ ጋ ስትደውሉ «ደረስኩ፣ ደረስኩ!» ይላል፣ አልጋው ውስጥ እንደተጋደመ። ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ በሩ እየሄደ «መጣሁ» የሚል ሕዝብ ከኛ ሌላ የት አለ? እየሄደ እኮ ነው! ግን እንግባባለን። «መጣ» ማለት አንዳንዴ «አልመጣም» ማለት እንደሆነ ጡት የጣለ ሕፃን ያውቃል።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ዱ የቤት ገዢዎቹ ስብሰባ ላይ ያለው «ኳይ ዳው ለ» ነው። ቀጥታ ሲተረጎም «ሊደርስ ነው» ማለት ነው። ሊደርስ! እሱም እንግዲህ ውሸት ነው፤ ግን የራሱ የሰውየው ውሸት ነው።

ናሁሰናይ «መጣ» አለ።

ብትይዙት «አማርኛ ነዋ፣ እንዲህ አይደል የምንለው?» ይላችኋል። ደግሞ ልክ ነው። እሱ ነው ደሜን የሚያፈላው።

፭

ለመሆኑ ቻይና ምን ሆነች? (ከተንታኞች ባጠረ ቋንቋ)

ባለፈው ቴሌቪዥን ላይ አንድ ክራባት ያነቀው ምሁር «የቻይና ኢኮኖሚ መዋቅራዊ ሽግግር ላይ ነው» ሲል ሰምቼ ሪሞቱን ልወረውርበት ነበር። ኤዲያ! ድንቄም ሽግግር! እኔ ልንገራችሁ። እዚያ ሰው ቤቱ ሳይሠራ ከፈለ። ሻጩ በተከፈለው ገንዘብ የከፈለውን ሰው ቤት መሥራት ሲገባው ሌላ መሬት ገዛ። መሬቱን አስይዞ ተበደረ። በብድሩ የድሮውን ሰው ቤት ጀመር፣ ጀመር አደረገ። ከተማው መሬት እየሸጠ፣ ባንኩ እያበደረ፣ ሁሉም የቤት ዋጋ ዕድሜ ልኩን ሲወጣ ይኖራል ብሎ ተቀመጠ። ዋጋው ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ያኔ ገዢው ጠፋ፤ ዕዳው ግን የት ይጠፋል? ሰው ፈራ። የፈራ ሰው ገንዘቡን ይቋጥራል እንጂ አይገዛም። ካልተገዛ ፋብሪካው ይቀዘቅዛል፣ ፋብሪካው ሲቀዘቅዝ ልጁ ሥራ ያጣል፣ ሥራ ያጣ ልጅ አያገባም፣ ያላገባ ቤት አይገዛም። በቃ። መዋቅሩ ይኸው ነው።

የዘጠኝ ፀሐይ ዋናው ኩባንያ ከነዚያ ሻጮች አንዱ ነው። እዚያ ስሙ ሲነሳ ሰው ይራገማል። እዚህ ሪባን ተቆረጠለት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? እኛ ቀይ ምንጣፍ አነጠፍንለት፣ ጭብጨባውን መርቀን።

፮

ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት፣ መኪና ውስጥ። ሚስተር ዱ ከኋላ፣ ናሁሰናይ ከፊት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጓል። ትርጉሙ የኔ ነው፤ የናሁሰናይን አላምንማ።

ዋናው መሥሪያ ቤት፦ ከዚህ አንዲት ሳንቲም አትመጣም። ባንኮቹ ዘግተውብናል።

ሚስተር ዱ፦ ሰዎቹን ታዲያ ምን ልበላቸው?

ዋናው መሥሪያ ቤት፦ የገዢዎቹ ገንዘብ ባንክ ታግዶ ተቀምጧል አላልክም? አስፈርምና አስለቅቀው። ከዚያ ወደዚህ ላከው።

ሚስተር ዱ፦ ሕንፃውስ?

ዋናው መሥሪያ ቤት፦ የቱ ሕንፃ?

ገባችሁ? ከቻይና ይመጣል የተባለው ገንዘብ ከሰሚት ወደ ቻይና ሊሄድ ነው። ወይ ጉድ! የመርካቶ አንሶላ የቢሊየነር ቀዳዳ ሊደፍን! ቀድሞስ እነሱ ናቸው አበዳሪ ሲባል አልነበር?

ናሁሰናይ ሁሉንም ሰማ። ቻይንኛው ጥሩ ነው፣ በአክስቱ ገንዘብ የተማረው ነዋ። አንድም ቃል አላመለጠችውም። ከመኪናው ሲወርዱ ሚስተር ዱ ትከሻውን ነካ አድርጎ «ፊርማው በሰላም ካለቀ ምክትሌ ነህ» አለው። ናሁሰናይም ማታ ቤት ገብቶ፣ እትዬ ዘርፌ ያቀረበችለትን እራት በላ። «ሥራ እንዴት ዋለ?» አለችው። «ጥሩ ነው» አላት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

፯

ስብሰባው።

አቶ መርዕድ፦ (የገዢዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፤ ጡረታ የወጣ የመምሪያ ኃላፊ፤ ማይክ ሲይዝ ጡረታው የሚረሳው) የተከበራችሁ ቤት ገዢዎች! ዓለም አቀፉን ነባራዊ ሁኔታ ከግምት ውስጥ በማስገባት...

ከኋላ አንድ ሰው፦ ኧረ ወደ ቤታችን ግቡልን!

አቶ መርዕድ፦ ሥነ ሥርዓት! ጥያቄያችን አንድ ነው። ሥራውን የሚያስቀጥለው ገንዘብ ከቻይና መጥቷል ወይስ አልመጣም?

ናሁሰናይ፦ (ለሚስተር ዱ በቻይንኛ) ገንዘቡን እየጠየቁ ነው።

ሚስተር ዱ፦ ኳይ ዳው ለ።

ናሁሰናይ፦ ገንዘቡ መጣ።

ጭብጨባ። እልልታም ነበር። እትዬ ዘርፌ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆማ ታጨበጭባለች፤ የምታጨበጭበው ለገንዘቡ አይደለም፣ ማይክ ለያዘው ልጇ ነው። አጠገቧ ያለችውን ሴት «የኔ ነው» አለቻት። ናሁሰናይ አያት፣ ከዚያ ስልኩን አወጣ።

የቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ከመድረኩ ጥግ ሆኖ ጻፈ፦ «ገንዘቡ መምጣቱ በሥራ አስኪያጁ ተረጋግጧል። በመሆኑም በባንክ ታግዶ የቆየውን ገንዘብ እያንዳንዱ ገዢ በፊርማው ለድርጅቱ እንዲለቅ ተወስኗል።»

አቶ መርዕድ ይህንን መነጽሩን ወደ አፍንጫው አውርዶ አነበበና «እጅግ በጣም ግልጽ ነው» አለ። አፈር ብላ! አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «ማስረጃው የታለ?» አይልም? ሠላሳ ዓመት ቢሮ ተቀምጦ ማኅተም ሲመታ የኖረ ሰው!

፰

አፍ «መጣ» ሲል ጆሮ ይጠረጥራል።

ወረቀት አይጠረጥርም።

፱

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ለናሁሰናይ ቦታ ትቼለት ነበር። ክፉ አይደለሁም። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ጮክ ብሎ ሲያነብ «ቆዩ፣ ‹መጣ› ስል ‹ሊመጣ ነው› ማለቴ ነበር» ይላል ብዬ፣ የሚከተለውን መስመር ለሱ ጠበቅኩለት፦

 

 

የሱፉን ቁልፍ ነካካ። ውስጡን ገልጬ ላሳያችሁ? ፈርቷል። በእርግጥ ፈርቷል። «ምናልባት እኮ እውነትም ይመጣ ይሆናል፣ ቻይና ትልቅ አገር ናት» ይላል ለራሱ። «እኔ ተርጓሚ ነኝ፣ ያልኩት ነገር የኔ አይደለም» ይላል። ያልከው ነገር የማን ነው ታዲያ፣ የማይኩ?

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ወደ ፊርማው ጠረጴዛ ሄደ።

፲

ሰዉ ለቀበሌ ስኳር የመጣ ይመስል ተሰልፎ ይፈርማል። አንዱ ከአንዱ ጋር ፎቶ ይነሳል። አቶ መርዕድ አንደኛ ፈረመ፤ ታሪክ እንዲመዘግበው ይመስል እስክሪብቶውን ወደ ላይ አነሳው። ሚስተር ዱ ጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ ለእያንዳንዱ ሰው ጎንበስ ይላል። ፊቱ ገርጥቷል፣ ጠዋት ቁርስ የበላም አይመስልም።

የእትዬ ዘርፌ ተራ ደረሰ።

«እዚህ ጋ ነው?»

«አዎ፣ እዚህ ጋ» አለ ናሁሰናይ፣ ወረቀቱን እያየ።

«ኧረ ቀና በል፣ አክስትህ ነኝ እኮ! አላወቅከኝም?» ሳቀች። እስክሪብቶውን ያዘችና ቆም አለች። ጠርጥራ አይደለም። ዘርፌ ሳታወራ ምንም አታደርግም፤ መርካቶ ያለ ወሬ አንድ አንሶላ ሸጣ አታውቅም። «ይኼ ሰውዬ ደግሞ ሲያሳዝን። ከስቷል። ከአገሩ ርቆ ማን ያበላዋል? እስቲ ጠይቅልኝ፣ እናት አለችው?»

«እትዬ፣ ሰው ተሰልፏል...»

«ይሰለፋ! እናቱ አለች ወይ በለው። ቤት ስገባ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይብላ በለው።»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ማምለጫ የለም። ናሁሰናይ ወደ ሚስተር ዱ ዞሮ ጥያቄውን እንዳለ ተረጎመ። በሕይወቱ እንዲህ ቃል በቃል ተርጉሞ አያውቅም፤ የሚደብቀው ነገር ያለበት አልመሰለውማ። እናት አለችህ ወይ ነው በቃ።

ሚስተር ዱ ጎንበስ ማለቱን ተወ። አሮጊቷን አያት፣ እስክሪብቶ የያዘውን እጇን አየ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በቻይንኛ እንዲህ አለ፦

«እናቴ አለች። ቤት የገዛችው ከእኛው ኩባንያ ነው። ግዢ ያልኳት እኔ ነኝ። እንደዚህ ያለ ወረቀት አመጡላትና ፈረመች። ቤቱ በር የለውም፣ መስኮት የለውም፣ አሁን የእህቴ ሳሎን ውስጥ ነው የምትተኛው። ስደውልላት አታነሳም።»

ወደ ናሁሰናይ ጠጋ አለ።

«ይህን እንዳትተረጉመው።»

እትዬ ዘርፌ የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱ ላይ እንዳረፈ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች።

«ምን አለህ ናሁዬ? ፊቱ እኮ ተለዋወጠ። ምን አለ?»

፲፩

ይኸው፣ ሁለተኛ ባዶ መስመር ለሱ ትቼለታለሁ፦

ናሁሰናይ፦ «እትዬ ዘርፌ፣ ሚስተር ዱ ያለው...