ከአቡጀዲው በላይ

«እታለም፣ እኔው ልውጣና ላውርደው?»

በድረዲን ይህን ያለው የጓዳውን በር ገርበብ አድርጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነው። የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ዳሱ ሥር ለቀስተኛ ሲቀበል ድምፁ ሰልሏል። የሟች ሚስት ሀጀራ ግን ከተናገረው ሁሉ «ላውርደው» የሚለው ቃል ብቻ ነው ሆዷ ድረስ የገባው።

«ምኑን?» አለች፤ ጠፍቷት አይደለም።

«ዘሩን ነዋ! ዞብል ተራራ ላይ ደመና ቋጥሯል። ማዶ ዝናብ ጥሏል እያሉ ነው። በለቅሶ መሀል የሚነሳ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ወላሂ አፍሬያለሁ። ግን ነገ ከነገ ወዲያ ቢጥልልን መሬቱ ባዶውን ሊቀር ነው። ያኔ ማን ሊተርፍ ነው?»

«ኮርኒሱን አታውቀውም። ሾልከህ ሴቶቹ መሀል ትወድቃለህ።»

«ታዲያ ማን ያውርደው?»

«የአስርን ሶላት ሰግዳችሁ ስትመለሱ እሰጥሃለሁ። ሂድ አልኩህ፣ በድሩ!»

ሄደ። ሀጀራ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን አስደገፈችበት። ወንዶቹ ከመስጊድ እስኪመለሱ ያለው ጊዜ የሷ ነው፤ ሌላ ጊዜ የላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልቻው የሁለቱ ወንድማማቾች የጋራ ዘር ነው፤ ከአባታቸው የወረደ ደጋሊት ማሽላ። አምና ዝናቡ ከድቶ ሲቀር፣ ልጅ እንኳ ቢያለቅስ ይህ አይነካም ተባባሉ። አፉን በጠፍር ሰፍተው ታላቅየው ቤት ጣራ ሥር አንጠለጠሉት። ታላቅየው ነጅሙዲን ነው፣ የሀጀራ ባል፤ አሁን ለቅሶ የተቀመጡለት። እና ሀጀራ ስልቻው ባዶ ነው ብላ ታምናለች። ባሌ ተደብቆ ጨርሶታል ብላ። በድረዲን ወጥቶ ባዶ ስልቻ ይዞ ከወረደ ነጅሙዲን በሦስተኛ ቀኑ፣ የመቃብሩ አፈር እንኳ ሳይደርቅ፣ በለቀስተኛ ፊት ሌባ ሊባል ነው። ተናዳበታለች፣ አዎ! እስከ ጥፍሯ ተናዳበታለች። ግን የሷ ንዴት ሌላ፣ የሰው አፍ ሌላ። ቀድማ ወጥታ ታያለች፤ ባዶ ካገኘችው ነቀዝ ፈጀው ብላ ትምልለታለች። ለሞተ ባል ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

ከሳሎኑ የሴቶች ድምፅ ይሰማል። ዘንድሮ ለቀስተኛ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው፤ ማንም አያፍርም። ከደጋ የወረደው ረሃብተኛ በመንገዱ ዳር እንደተኛ እየቀረ ቆቦ ሰው መቅበር ሰልችቷታል። ለአንዱ ቀብር ሄዶ ሁለት ቀብሮ መመለስ ነው። እንዲያም ሆኖ ለነጅሙዲን ሰው መጣ፤ ከሮቢት ሁሉ በእግሩ መጣ። አናጢ ነበር። ከጎብዬ እስከ ዋጃ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቆርቆሮ ግማሹን የመታው እሱ ነው።

የአራት ዓመቷ ልጇ ራህመት ከሴቶቹ ጋር ነች፣ ጎረቤታቸው የሻረግ ጭን ላይ። አባትሽ ለሥራ ዋጃ ሄዷል ተብላለች።

ሀጀራ ጫማዋን አወለቀች፤ ቀሚሷን ሰብስባ በመቀነቷ ታጠቀች። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን መሰላል አንስታ ከጓዳው ጥግ ካለው ጠባብ ቀዳዳ ሥር አቆመችው። ሦስተኛው መርገጫ ላይ ዓይኗ ጨለመባት፤ ከትናንት ጀምሮ ከውሃ በቀር አፏ የገባ የለም። እስኪያልፍላት ቆመች። ከዚያ ጭንቅላቷ ሲገባ ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት ትንፋሿን ቀማት።

ጣራ ሥር ሌላ አገር ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች በኖራ የተቀባ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ በመሀል በክንድ በክንድ ርቀት የተረበረቡ የእንጨት ሞራሌዎች። አቡጀዲው ከላይ ሲታይ ደህና ወለል ይመስላል። «እንደ ሐሜተኛ ነው፤ ያስጠጋሻል እንጂ አይሸከምሽም» ይል ነበር ነጅሙዲን።

ይህን ያላት ቤቱ ሲሠራ ነው፣ በተጋቡ በዓመታቸው። ሚስማር አቀባዪኝ ብሎ ይዟት ወጣ። «ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር አለሽ አይደል? አንዱን ስታነሺ ሦስቱ እንጨት ይያዙ። እንጨቱንም ቶሎ አትመኚው፤ መጀመሪያ በመዳፍሽ ተጫኚው፣ ከተንቋቋ ተመለሺ። የት እንደምትረግጪ ከጠፋሽ የሚስማሩን መስመር ተከተዪ። ደግሞ ቀና አትበይ!» ቀና አለች። ከቆርቆሮው ወደ ውስጥ የወጣ የሚስማር ጫፍ ሻሿን ይዞ አስቀረው። ሁለቱም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

አሁን ሻሿን ዝቅ አድርጋ በአራት እግሯ ገባች። ስልቻው ያለው ከወዲያኛው ጫፍ ነው፣ ልክ ከሴቶቹ በላይ። መዳፏን አኖረች፣ ተጫነች፣ ጉልበቷን አመጣች። አንድ ሞራሌ። ሁለት። ላብ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ የምትጠርግበት እጅ የላትም። በአምስተኛው ላይ እንጨቱ ሲጥ አለ።

«አይጥ ነው እንዴ?» አለች ከታች አንዷ።

«አይጥ ዘንድሮ የት ቀርቶ! ምን በልቶ ይኖራል?» አለች የሻረግ።

ሀጀራ ትንፋሿን ዋጠች። ይኸው ነው፤ እሷም መጀመሪያ አይጥ ነው ብላ ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ ነጅሙዲን አመል አመጣ። ከሥራ ሲገባ ከጉያው በጨርቅ የተቋጠረ ቂጣ ያወጣና ለሷና ለልጁ ያቀርባል። «እኔ ሥራ ቦታ በልቻለሁ፤ እናንተ ብሉ» ይላል። እነሱ መብላት ሲጀምሩ እሱ መሰላሉን ያነሳል። «ክዳኑን ልይ፣ ሚስማር የላላ መሰለኝ።» ምኑ ነው በየቀኑ የሚላላው? ትንሽ ቆይቶ ከላይ ድምፅ ይመጣል፦ ቀጭ... ቀጭ። ጥርስ ሥር ጠንካራ ነገር ሲሰበር የሚሰማ። በሦስተኛው ቀን ገባት። ማሽላ! ልጄ አጥንቷ ወጥቶ እሱ እላይ ተቀምጦ ጥሬ ይቆረጥማል!

አልጠየቀችውም። ለምን አልጠየቀችውም? ቢክዳት ልትጠላው፣ ቢያምንላትም ልትጠላው ሆነባት። ንዴቷ ግን እየመረረ ሄደ። አንድ ቀን ከመሰላሉ ሲወርድ አፏ አመለጣት።

«ጠግበህ ወረድክ?»

እግሩን መርገጫው ላይ እንዳደረገ ቆም ብሎ አያት። ከዚያ ፈገግ አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ» አለ። በማግስቱ ወባ ጣለው። አራት ቀን ተንቀጥቅጦ በአምስተኛው ሞተ።

መዳፏን ወደ ስድስተኛው ሞራሌ ስትሰድ ከታች ሌላ ድምፅ ሰማች። ዓሊማ ናት፤ ነጅሙዲን መጨረሻ ላይ ቤቷን የከደነላት የሮቢቷ ሴት።

«ከንጋት እስከ ማታ ጣራዬ ላይ ሲመታ ይውል ነበር፣ አላህ ይዘንለት። ምሳ ስናቀርብለት ግን አይነካም። ያችኑ ቂጣ በጨርቁ ቋጥሮ ጉያው ይከታታል። 'ኧረ ብላ አንተ ሰው፣ በኋላ ዞሮብህ ትወድቅብናለህ!' እለዋለሁ። 'ልጄ ያንቺን እጅ ትወዳለች' ብሎ ይስቅብኛል።»

«ታዲያ እሱስ ምን ይበላ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ! አንድም ቀን ሲበላ አላየሁት።»

የሀጀራ ግራ ጉልበት ከእንጨቱ ሸሸ። አቡጀዲው ወደ ታች ተለጠጠ፤ ሚስማሮች ጠቅ ጠቅ እያሉ ተነቀሉ። ሁለት እጇና አንድ እግሯ እንጨቱን እንደያዙ ቀሩ። ከታች ጩኸት ሆነ። ኖራው በሴቶቹ ራስ ላይ ተራገፈ፤ ከኮርኒሱ መሀል እንደ ጡጫ ያለ እብጠት ወጥቶ ሲመለስ ሁሉም አዩት።

«በስመ አብ!» አለች የሻረግ።

«አዑዙ ቢላህ!» አለች ዓሊማ።

ከዚያ የራህመት ቀጭን ድምፅ፦ «አባዬ ነው! አባዬ እዚያ ነው የሚሄደው!»

ልጅቷ ብቻ ናት ያልፈራችው። «አባዬ!» ብላ እንደገና ተጣራች።

ሀጀራ እንዴት ትመልስ? ምን ብላ? ጉልበቷ ደምቷል። ሥራ ቦታ አልበላም ማለት ነው እንግዲህ! ባይበላ... ያ የሚቆረጠመው ታዲያ ምን ነበር? አሁን የሰው አፍ ተረስቷታል፤ በድረዲንም ተረስቷታል። ስልቻውን በእጇ ካልነካች እዚያው ትሞታለች። መዳፍ፣ ጉልበት፣ መዳፍ፣ ጉልበት እያለች ወደ ጥጉ ሄደች።

ስልቻው ከአግዳሚው ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል። እጇን ስትሰድ ድንቡሽቡሽ ብሎ ገጠማት። ሙሉ ነው! በጨለማው አፉን ዳበሰች። ጠፍሩ በአንድ በኩል በነጅሙዲን ቋጠሮ፣ በሌላ በኩል በበድረዲን ቋጠሮ እንደታሰረ ነው፤ አቧራ ለብሷል። ማንም አልነካውም።

ከሥሩ ሁለት ሞራሌ ላይ የተጋደመች ሰሌዳ አለች፣ አንድ ሰው ተጣጥፎ የሚቀመጥባት። እዚያ ላይ እጇ የተከመረ ነገር ነካ። አንዱን አንስታ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደሚገባው ብርሃን አስጠጋችው። የቁርቁራ ፍሬ ነው። ፍሬው እንኳ አይደለም፣ ከውስጥ ያለው ድንጋይ የመሰለ ጠንካራው ዘር ነው፤ ከየዛፉ ሥር ተለቅሞ፣ በጥርስ ተሰብሮ። ከአንዱ የሚገኘው ምንድን ነው? የምስር ፍሬ የምታህል ነገር። ከጎኑ የተሰነጠቀ የጥርስ ስባሪ ወድቋል።

አይ ነጅሙዲን! ገበታው ላይ ቢቀመጥ ካልበላህ አልበላም ትለው ነበር። ቂጣው ለሦስት ይቆረስ ነበር። ያ እንዳይሆን ብሎ ነው መሰላል የሚወጣው። እሷም ምሳውን በየቀኑ በልታበት፣ አጣጥማ በልታበት፣ ሲወርድ «ጠግበህ ወረድክ» አለችው! እሱም ጠግቤያለሁ አላት። ያቺን ፈገግታ እሷ እንደ ሌባ ፈገግታ ነው ያየቻት። ሀጀራ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ቢሆንም ድምፁ ወጣ።

ወንዶቹ ከመስጊድ ደርሰዋል። ከታች ግርግር ተነሳ፤ «ኮርኒሱ ላይ የሆነ ነገር አለ!» ይባላል። በድረዲን «ማነው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ!» አለች ሀጀራ። መጀመሪያ ድምፁ የሷ አልመስል አላት። «ሀጀራ ነኝ! በድሩ፣ ትሰማኛለህ? ዘሩ ሙሉ ነው! ቋጠሮው አልተፈታም! ወንድምህ አልነካውም!»

«ማን ነካው አለ ታዲያ?»

«እኔ! እኔ ነኝ ያልኩት! እላይ ተደብቆ ይበላል ብዬ ጠርጥሬው ነበር። ሁላችሁም ስሙኝ፤ ሰውዬው ቁርቁራ እየቆረጠመ ነው የሞተው። ምሳውን የበላሁት እኔ ነኝ። ጠግበህ ወረድክ ብዬዋለሁ፤ ይኸው በራሴ አፍ!»

ከታች ዓሊማ «ውይ እህቴን!» ብላ አለቀሰች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ሦስት ቀን ሲለቀስ ከነበረው ሁሉ ይኼኛው ሌላ ነበር።

«እታለም» አለ በድረዲን ለቅሶው መሀል። «ስልቻውን ተይው፣ ነገ እኔ አወርደዋለሁ። ከሱም ሁለት እፍኝ ለራህመት ትወጣለች፤ ቃሉ የኔም ነው፣ እኔ ፈትቼዋለሁ። አንቺ ብቻ ቀስ ብለሽ ውረጂ። አብሽሪ።»

ዞረች። እንባዋ ዓይኗን ጋርዶታል፤ ቢሆንም እያንዳንዱን እንጨት ሳትጫን አልረገጠችም። ልጅ አላት፣ መውደቅ አትችልም። ቀዳዳው ጋ ስትደርስ እግሯን አውርዳ መርገጫውን ፈለገች።

ራህመት ከመሰላሉ ሥር ቆማ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታለች፣ አባዬ እቀፈኝ ብላ። እግር ሲታያት ሳቀች። ቀጥሎ ቀሚስ ወረደ፣ ከዚያም ሻሽ። የልጅቷ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረና እጆቿ ቀስ ብለው ወደ ታች ወረዱ።

ሀጀራ የመጨረሻው መርገጫ ላይ ተቀመጠች። የልጅቷን ቀጫጭን ክንዶች አንድ በአንድ አንስታ በገዛ አንገቷ ላይ ጠመጠመቻቸው።